ስላለፈ ደስታ ማዘን

በልጅነታችን የተቀመጥንበት የእንጨት ፈረስ ከቦታው ሲነሣ የሚሰማን ኀዘን ፍቅር ነውን ወይስ ራስን መውደድ? ቅዱስ አጎስጢኖስ በ«ኑዛዜ» 10ኛ መጽሐፉ ያለፈ ደስታ በኀዘን ሊታወስ እንደሚችል ይነግረናል።

በዋሽንግተን አጠገብ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ በግሌን ኤኮ መናፈሻ እ.ኤ.አ. በ1921 የተተከሉት በክብ የሚዞሩ ፈረሶች ዛሬም አሉ። መናፈሻው በ1968 ስለ ተዘጋ ከሌሎቹ መጫወቻዎች አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ያን ዘመን የሚናፍቁ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም አልነቅፋቸውም። ሆኖም በ1960 አምስት ጥቁር ወጣቶች ቲኬት ይዘው በእነዚሁ ፈረሶች ላይ ስለ ተቀመጡ ተይዘው ታሰሩ። በሩ ለሁሉም የተከፈተው በ1961 ሲሆን፣ የተፈረደባቸውን ፍርድ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሻረው በ1964 ነው። ከፈረሱ ላይ ወደ እስር የተወሰደው ወጣት ይህን መናፈሻ ሲያስብ ምን ይናፍቃል?