«ያስተሰርያል»፦ በዘፈን ውስጥ የሚሰማ የንስሐ ቃል



ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚመላለሱ ታክሲዎች ዘፈን የማይሰማበት ቀን ጥቂት ነው። በዚያ መንገድ የመጡ አንድ አረጋዊ ካቴኪስት፣ «አባ፣ ወጣቶቹ ይህን መስማት ኃጢአት ነው ወይ ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልመልስ?» አሉኝ። ዘፈኑ ቴዎድሮስ ካሣሁን (ቴዲ አፍሮ) በ1997 ዓ.ም. ባወጣው «ያስተሰርያል» በተሰኘው አልበም ውስጥ የሚገኘው «ጃ ያስተሰርያል» ነበር።

በዚያው ዓመት ከተካሄደው ምርጫ ቀጥሎ በመጣው ሁከት ዘፈኑን ብዙዎች እንደ ፖለቲካ ድምፅ ሰሙት። ርእሱ ግን የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው። «ሥርየት» በጸሎተ ሃይማኖት ከጥምቀት ጋር አያይዘን የምንመሰክረው ጸጋ ነው። «ጃ» ደግሞ የራስ ተፈሪያን እምነት ተከታዮች እግዚአብሔርን የሚጠሩበት ስም ሲሆን፣ ሥሩ በ«ሃሌ ሉያ» መጨረሻ የምንዘምረው «ያ» ነው። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ያላቸውን እምነት አንቀበልም፤ ነገር ግን የምሕረትን ናፍቆት ከማንም አፍ ቢወጣ አንንቅም።

ቅዱስ ጳውሎስ በአርዮስፋጎስ ሲሰብክ የአቴና ሰዎች የሚያውቋቸውን ባለ ቅኔዎች ጠቅሷል። በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሰማዕቱ ቅዱስ ዮስጢኖስም የቃል ዘር በሰው ዘር ሁሉ እንደ ተዘራ አስተምሯል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1999 ለኪነ ጥበብ ሰዎች በጻፉት መልእክት፣ እውነተኛ ጥበብ በግልጽ መንፈሳዊ ባይሆንም እንኳ ከእምነት ዓለም ጋር ዝምድና እንዳለው ገልጸዋል። ስለዚህ የካቴኪስቱ ጥያቄ «መስማት ይገባል ወይስ አይገባም?» በሚለው ብቻ አያልቅም፤ «እንዴት እንሰማለን?» ወደሚለው ያደርሰናል።

ዘፈኑ አገር ከበቀል ወደ ይቅርታ እንድትሻገር ይጠራል። እኛ ግን ስንሰማው ብዙ ጊዜ የምንቆጥረው የሌላውን በደል ነው፤ የዘውዱን፣ የደርግን፣ ከዚያም ወዲህ የመጡትን። ለሌላው ምሕረት መለመን መልካም ነው፤ ንስሐ ግን በውክልና አይገባም። ቀራጩ በቤተ መቅደስ የጸለየው ስለ ራሱ ኃጢአት ነበር፤ የሌላውን የቆጠረው ፈሪሳዊው ነው። የአገር ሥርየት «እኔ በድያለሁ» ከሚል አንድ ሰው ካልጀመረ ከዜማ አያልፍም።

እኔም መልስ ሳዘጋጅ ኅሊናዬ ወቀሰኝ። በአንድ ጥቃቅን ነገር ተቀያይመን ከአንድ ወንድሜ ጋር ሰላምታ ካቋረጥን ወራት ሆኖን ነበር፤ በእነዚያ ወራት ሁሉ ስለ አገር ዕርቅ ሰብኬአለሁ። ጌታችን መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ያለውን አስቤ ወደ ቤቱ ሄድኩ። ብዙ አልተናገርንም፤ ቡና ጠጣን።

ለካቴኪስቱ የመለስኩላቸውም ይህንኑ ነው፦ «ዘፈኑን አይከልክሏቸው። ሲያበቃ ግን፣ ‹ሥርየት ሲባል የማን በደል ታወሳችሁ?› ብለው ይጠይቋቸው። የራሳቸው ከታወሳቸው ወደ ኑዛዜ የሚወስደውን መንገድ ያሳዩአቸው።»