ቃልና የሰው ልጅ

«ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ አባቶቻችን። ከባድ አባባል ነው፤ ሰው ከአብራኩ ክፋይ ይልቅ ቃሉን እንዲያስቀድም ያዛል። እንግዲያው ቃሉን አንዴም ሁለቴም ያጠፈ መሪ ምን ይባል? ይህን የሚያስጠይቀኝ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር የሰር ሮበርት ፒል ሕይወት ነው።

ፒል እ.ኤ.አ. በ1788 በላንክሻየር ከአንድ የጥጥ ፋብሪካ ባለቤት ተወለዱ። ፓርላማ የገቡት በ21 ዓመታቸው ነው። ለብዙ ዘመን ካቶሊኮች ፓርላማ እንዳይገቡ አጥብቀው ሲከራከሩ ኖሩ። በ1828 ግን ካቶሊኩ ዳንኤል ኦኮኔል አየርላንድ ውስጥ በክሌር ተመረጠ። ክልከላው ከጸና አየርላንድ ውስጥ ደም ሊፋሰስ እንደሚችል ፒል ተረዱ፤ በዓመቱም ካቶሊኮችን የሚያስገባውን ሕግ ራሳቸው ለምክር ቤቱ አቀረቡ። አስቀድመው ግን የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲን የፓርላማ ወንበር ለመራጮቻቸው መልሰው እንደገና ተወዳደሩ፤ ተሸነፉም።

ሁለተኛው ፈተና የእህል ሕጉ ነበር። በ1815 የወጣው ይህ ሕግ ርካሽ የውጭ እህል እንዳይገባ እየከለከለ የባለርስቶችን ገቢ ይጠብቅ ነበር። በ1841 ፒልን ለሥልጣን ያበቋቸው እነዚሁ ባለርስቶች ናቸው። በ1845 መኸር የአየርላንድን ድንች በሽታ መታው። ፒል ረሃብን ፈርተው ሕጉ ይነሣ ቢሉ ሚኒስትሮቻቸው አልተስማሙም። ስለዚህ ተቃዋሚው ሎርድ ጆን ራስል እንዲፈጽመው በታኅሣሥ ሥልጣን ለቀቁ፤ ራስል መንግሥት ማቋቋም ሲያቅተው ተመለሱ። በግንቦት 1846 የታችኛው ምክር ቤት የሕጉን መሻር በ327 ድምፅ ለ229 አሳለፈ። ከገዛ ፓርቲያቸው አብዛኛው ተቃውሟቸው ነበር፤ ከእነዚሁ አንዱ የሆነው የምክር ቤት አባል ዲዝራኤሊም በከዳተኝነት ከሰሳቸው። የላይኛው ምክር ቤት ሽረቱን ባጸደቀበት በሰኔ 25 ምሽት፣ የታችኛው ምክር ቤት በሌላ ረቂቅ ሕግ ጣላቸው፤ ከሥልጣን ወረዱ።

እንመርምር። አባባሉ «የወለዱት» ሲል የራስን ልጅ ማለቱ ነው። ባለቃሉ የቃሉን ዋጋ ከራሱ ቤት ይከፍላል፤ ክብሩም ከዚህ ይመነጫል። ፒል በቃላቸው ቢጸኑ ኖሮ ግን የሚራበው የእሳቸው ልጅ አልነበረም፤ የአየርላንድ ገበሬና የማንችስተር ሸማኔ ልጅ ነበር። በሰው ልጅ ረሃብ የሚጠበቅ ቃል አባቶቻችን ያከበሩት ቃል አይደለም።

«ታዲያ መሪ ሁሉ ሁኔታው ተለወጠ እያለ ቃሉን ቢበላ ማን ይታመናል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መለያው ይህ ይመስለኛል፦ ሐሳቡን በመለወጡ ማን ተጠቀመ? ዋጋውንስ ማን ከፈለ? ሥልጣን ለማግኘት ቃሉን የሚያጥፍ ሰውና ቃሉን አጥፎ ሥልጣኑን የሚያጣ ሰው አንድ አይደሉም። ፒል መጀመሪያ የኦክስፎርድን ወንበር፣ በኋላም ፓርቲያቸውንና መንግሥታቸውን ከፈሉ።

ንጹሕ ናቸው ማለቴ አይደለም። በእህል ሕጉ ላይ የነበራቸው እምነት ከድንቹ በሽታ በፊት መላላት ጀምሮ ነበር፤ ይህን ለመረጧቸው ሰዎች በጊዜው በግልጽ አልነገሩም። ጥፋታቸው መለወጣቸው ሳይሆን ዝምታቸው ነው። የሕጉ መሻርም አየርላንድን አላዳነም፤ በረሃቡና በተከተለው በሽታ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አለቀ። ትክክለኛ ውሳኔ ሲዘገይና ብቻውን ሲቀር አያድንም።

ፒል በ1850 ከፈረስ ወድቀው ሞቱ። ለአገልግሎታቸው ቤተሰባቸው የመኳንንት ማዕረግ እንዳይቀበል አስቀድመው ተናዘው ነበር። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መሪ ቃሉን ሲያጥፍ ባየህ ጊዜ ለፍርድ አትቸኩል፤ ቃሉን ሲጠብቅ ባየህ ጊዜም ለምስጋና አትቸኩል። በሁለቱም አስቀድመህ ጠይቅ፦ የሚጠፋው የማን ልጅ ነው?