ገጭቶ መሸሽና የመማፀኛ ከተማ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፤ በመካከላችን ባጃጅና ሞተር ብስክሌት የሚነዱ፣ በሚኒባስ ረዳትነት የሚሠሩ፣ በቡና ወራት በአጋሮና በጅማ መካከል ጭነት የሚያመላልሱ አሉ። ስለዚህ ሰው ገጭቶ የመሸሽ ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

በዘዳግም ምዕራፍ 19 እንደ ተጻፈው፣ ሰው ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሲቆርጥ የምሳሩ ብረት ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድል፣ ወደ መማፀኛ ከተማ እንዲሸሽ ታዞ ነበር። እነዚህ ከተሞች 6 ነበሩ። ሳያስቡ መግደልና አስቦ መግደል አንድ ስላልሆኑ እግዚአብሔር ለዚህ ሰው መጠጊያ አዘጋጀለት። ይሁን እንጂ «ሳላስበው ነው» ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ በማኅበሩ ፊት ለፍርድ ይቆማል። የሚሸሸው ከደም ተበቃዩ ነው እንጂ ከፍርድ አይደለም።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት የሰው ሕይወት ያጠፋውን ይቀጣል፤ አጥፊው ጠጥቶ ወይም ደንብን ሆነ ብሎ ጥሶ ከሆነ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። አንቀጽ 575 ደግሞ ሕይወቱ በከባድ አደጋ ላይ ያለውን ሰው መርዳት እየቻለ ትቶ የሄደውን ይቀጣል፤ ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ከሆነ ቅጣቱ ይከብድበታል።

በዘጸአት ምዕራፍ 21 በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ያልጠበቀው ባለቤት ተጠያቂ ነው። ፍሬኑ እንደማይዝ እያወቀ መኪናውን የሚያሰማራ፣ መንጃ ፈቃድ ለሌለው ወንድሙ የባጃጁን ቁልፍ የሚሰጥ ከዚህ ባለቤት በምን ይለያል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 እንዲያውም ጉዳቱ በተጎጂው ጥፋት የደረሰ ካልሆነ በቀር የመኪናው ባለቤት ራሱ ባያጠፋም እንዲክስ ያዛል።

አንዳንዶች «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ይላሉ። በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ደርቦ ማለፍ የእኛ ፈቃድ ነው፤ የራሳችንን ችኮላ በፈጣሪ ላይ አናሳብብ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ብዙ ሰው የሚሸሸው ከክፋት ሳይሆን ከፍርሃት ነው። የሕዝብን ቁጣና የሟችን ዘመድ ይፈራል። ፍርሃቱ እውነት ነው። ነገር ግን በሉቃስ ምዕራፍ 10 ካህኑና ሌዋዊው የተነቀፉት ያላቆሰሉትን ሰው አልፈው በመሄዳቸው ነው፤ ራሱ አቁስሎ የሚያልፍማ ምን ይባል? ስለዚህ ቁም፤ የቆሰለውን አንሥተህ ወደ ሐኪም ቤት አድርስ፤ ለትራፊክ ፖሊስም ሳትደብቅ ተናገር። በዚያ መቆም ለሕይወትህ የሚያሰጋህ ከሆነ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሂድና «እኔ ነኝ፤ የተጎዳው ሰው እዚህ ቦታ ነው፤ ድረሱለት» በል። የዛሬው መማፀኛ ከተማህ እርሱ ነው። አብረኸው የተሳፈርህም ብትሆን ለጓደኛህ ብለህ በሐሰት አትመስክር።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌ መላክ፣ በአካባቢያችንም በጉማ ሥርዓት መታረቅ መልካም ነው። ነገር ግን እርቅ ፍርድን አያስቀርም፤ ፍርድም ያዘነችውን እናት ቤት ሄዶ ይቅርታ ከመጠየቅ ነጻ አያወጣም። ሁለቱንም የሚፈጽም ሰው በሰውም በእግዚአብሔርም ፊት ቀና ብሎ ይቆማል።

እግዚአብሔር መንገዳችንን ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።