ከሩቅ ስለ መውደድ

በብስራተ ገብርኤል ተቀምጦ ባሌትን በፊልም ብቻ እያየ የሚወድ ሰው፣ «ያልጨፈርኸውን፣ የአገርህም ያልሆነውን ምን ብለህ ትወዳለህ?» ቢባል ምን ይመልሳል? ጥያቄው በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በእስክስታ ዘንድ ተመልካች ብቻ የሚባል የለም፤ ዙሪያውን የቆመው አጨብጫቢ የጨፋሪው ባልደረባ ነው፤ ጭብጨባው ሲላላ ትከሻውም ይላላል። የባሌት ተመልካች ግን በጨለማ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ጨፋሪዪቱም በእግር ጣቶቿ ጫፍ ቆማ ክብደት የሌላት የምትመስለው ሕመሟን ስለ ሸሸገች ነው። እንግዲህ ቅለቷን ብቻ የሚያደንቅ ሰው ፍቅሩ ጎዶሎ ነው ለማለት እደፍራለሁ።

ባዕድነቱ ግን ነቀፋ አይሆንም። እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም ወደ ዳንስ የገባው የባሌት ፊልም አይቶ ነው። ይኸው ሰው በ1996 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ አንድ መቶ የሚያህሉ የጎዳና ልጆችን አሠልጥኖ በካርል ኦርፍ «ካርሚና ቡራና» ለመድረክ አበቃ፤ ከነዚያም ልጆች አዱኛ የተባለው የዘመናዊ ዳንስ ቡድን ተመሠረተ። ዜማው የጀርመን፣ አሠልጣኙ እንግሊዛዊ፤ ስለ ባለቤትነት መከራከር የሚወድ ይከራከር፤ የደከሙት እግሮች ግን የአዲስ አበባ ልጆች እግሮች ነበሩ። የብስራተ ገብርኤሉ አፍቃሪም ፊልሙን ደግሞ ሲያይ፣ ከጨፋሪዪቱ ክንድ ይልቅ ቁርጭምጭሚቷን ይመልከት።