ያልመጣው ወንድማችን የት አለ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ሲያዝዘን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዞረን እጅ እንነሣለን። ነገር ግን እጅ የነሣነውን ሰው ስሙን እናውቀዋለንን? ቤቱስ ወዴት ነው? ይህን ጥያቄ የምናነሣው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛው ራሳችን ጎድለን ስለተገኘን ነው።

ከመካከላችን አንድ ወንድም አለ። በመዝሙር ጊዜ ከበሮውን የሚመታ እርሱ ነበር። አንድ ሰንበት ቀረ፤ ሁለተኛውም አለፈ፤ ከበሮውን ሌላ ሰው ያዘውና መዝሙሩ ቀጠለ። በአምስተኛው ሰንበት አንዲት እኅት «የት ገባ?» ብላ ብትጠይቅ ከሁላችን ቤቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ጠፋ። አፈላልገን ስንደርስ እናቱ በጠና ታመው እርሱ ሲያስታምም አገኘነው። አልወቀሰንም፤ «የምትመጡ መስሎኝ በመጀመሪያው ሰንበት ቤቱን ጠርጌ ነበር» አለን እንጂ። እናቱ ከጥቂት ቀን በኋላ ዐረፉ። ለቀብሩ ሁላችንም ወጣን። ሳይሞቱ ልንጠይቃቸው ይገባን የነበሩትን አምስት ሰንበቶች ግን ማንም አይመልስልንም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 እንደምናነበው በበዓለ ጰራቅሊጦስ 3 ሺህ ያህል ሰዎች አምነው ተጨመሩ። እነርሱም በአራት ነገር ይተጉ ነበር፤ ይኸውም በትምህርት፥ በኅብረት፥ በማዕዱና በጸሎት ነው። ቅዱስ ሉቃስ ኅብረትን ከትምህርትና ከጸሎት ጋር መቍጠሩን ልብ እንበል። እኛ ግን ተምረንና ጸልየን ስናበቃ ኅብረቱን ለትርፍ ጊዜ ትተነዋል።

ያችም የመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን ጉድለት አልነበረባትም ማለት አይደለም። በምዕራፍ 6 እንደተጻፈው በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ስለተዘነጉ ማጕረምረም ሆነ። ሐዋርያትም ያጕረመረሙትን አልገሠጹም፤ መልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች አስመርጠው በሥራው ላይ ሾሟቸው። ከእነርሱም አንዱ ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስ ነው። እንግዲህ የተረሳውን ማሰብ ራሱን የቻለ አገልግሎት ነው።

በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስም የዘመኑን የእሑድ ጉባኤ ሲገልጥ፥ ዲያቆናቱ ከቍርባኑ ላልተገኙት ወስደው ያደርሱ እንደነበር፥ ከምእመናን የተሰበሰበውም ለሙት ልጆች፥ ለመበለቶች፥ ለሕሙማን፥ ለእስረኞችና ለእንግዶች ይውል እንደነበር ጽፏል። ያልመጣው ሰው ከጉባኤው አሳብ አይወጣም ነበር ማለት ነው።

ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን በየወሩ በቅዱሳን መታሰቢያ ዕለት የጽዋ ማኅበር ሲጠጡ ጽዋው በየተራ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ስለዚህም የባለጸጋውም የድኃውም ደጅ ይረገጣል፤ የታመመው ይታወቃል፤ የተጣላውም ይታረቃል። ነገር ግን ድግሱ ሲበዛ ድኃው ተራውን ይፈራል። ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ አንዱ እየተራበ ሌላው ይሰክር የነበረበትን ማዕድ የነቀፈው (1ኛ ቆሮ. 11) ስለዚህ ነው። ለእኛ ለወጣቶች ቆሎና ውኃ ይበቃናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፥ አምስት አምስት ሆነን እንመደብ፤ የእያንዳንዳችንንም ስምና ሰፈር በአንድ ደብተር እንጻፍ። ሁለተኛ፥ ከአምስቱ አንዱ ከቀረ አራቱ የሚቀጥለው ሰንበት ሳይደርስ ቤቱ ድረስ ይሂዱ። ሦስተኛ፥ ስንሄድ «ለምን ቀረህ?» ብለን አንጀምር፤ «እንደምን ሰነበትህ?» እንበል። ችግሩ ከአራቱ አቅም በላይ ሲሆን ለሁላችን ይነገረን፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

ያ ወንድማችን ዛሬ ተመልሶ ከበሮውን ይመታል። ከእኛ ይልቅ እርሱ ይቅር ባይ ሆኖ ተገኝቷል። ጌታችንም በፍርድ ቀን ስለ ታመመውና ስለ ተጠየቀው እንደሚናገረን እናውቃለን (ማቴ. 25)። ስለዚህ በሚመጣው ሰንበት ከመቀመጣችን አስቀድመን ዙሪያችንን እንመልከት፤ ማን እንደመጣ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳልመጣም እንቍጠር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።