ሐሳብ በተግባር ሲፈተን

አንድ ትምህርት የሚመዘነው በቃሉ ጥራት ነው ወይስ በተከታዮቹ አኗኗር? ጥያቄው ጥንታዊ ቢሆንም፣ የቡድሃ ትምህርት ሥር በሰደደባት በስሪላንካ የገጠመው ፈተና ሊጤን የሚገባው ነው።

ሰው የሚከበረውም ሆነ የሚዋረደው በትውልዱ ሳይሆን በሥራው መሆኑን ቡድሃ አስተምሯል፤ ቫሳላ ሱታ የተባለው ጥንታዊ ጽሑፍ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1753 በደሴቲቱ የተመሠረተው የሲያም ኒካያ ማኅበረ መነኮሳት ውሎ አድሮ ምንኩስናን ጎቪጋማ ለተባለው ወገን ተወላጆች ብቻ ወሰነ። ሮዲያ የተባሉት ወገኖች ደግሞ ከሁሉ በታች ተቆጥረው ተገልለው ኖሩ። የዛሬ መከራ የቀድሞ ሕይወት ሥራ ውጤት ነው የሚለው እምነትም ግፉን የተፈጥሮ ሕግ አስመሰለው። ቃሉ በየገዳሙ ሲደገም፣ ኑሮው ቃሉን ሲክድ ዘመናት አለፉ።

እ.ኤ.አ. በ1958 በኮሎምቦ የናላንዳ ኮሌጅ መምህር የነበሩት ኤ. ቲ. አሪያራትኔ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ካናቶሉዋ ወደምትባል የሮዲያዎች መንደር ሄዱ። ከዚህ ጅምር የተወለደው ንቅናቄ ሳርቮዳያ ሽራማዳና ተባለ። ሽራማዳና የጉልበት ስጦታ ማለት ነው፤ ከወንፈል የሚለየው ብድር የማይጠበቅበት በመሆኑ ነው። በዚህ ሥራ ላይ የከተማው ተማሪና የገጠሩ ነዋሪ አብረው ይቆፍራሉ፤ አብረው ይበላሉ።

ንቅናቄው አራቱን የቡድሃ የልቡና ባሕርያት ወደ ዕለታዊ ኑሮ አወረዳቸው። ሜታ ለሕያዋን ሁሉ በጎ መመኘት ነው፤ ምኞት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ካሩናን፣ ማለትም ሥቃይን ለማስወገድ የሚነሣ ርኅራኄን ይሻል። ሙዲታ በሌላው መልካም ዕድል መደሰት ሲሆን፣ ኡፔካ በምስጋናም ሆነ በነቀፋ አለመናወጥ ነው።

አስቸጋሪው ነጥብ ያለው እዚህ ላይ ነው። የልብ ጸጥታና ግዴለሽነት በመልክ ይመሳሰላሉ። በግፍ ፊት የተረጋጋ ሰው ታጋሽ ነው ወይስ የግፉ ተባባሪ? መለያው የእጁ ሥራ ነው። የሚችለውን የሠራ ሰው ፍሬው ቢዘገይ አለመናወጡ ጥበብ ነው። እጁን አጣጥፎ የተቀመጠው ሰው ጸጥታ ግን ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ነው።

ሽራማዳና በሺህ የሚቆጠሩ መንደሮችን ቢያዳርስም ሁሉን አልፈታም። በ1983 የተቀሰቀሰው የእርስ በርስ ጦርነት እስከ 2009 ሲዘልቅ፣ ጦርነቱን የደገፉ መነኮሳትም ነበሩ። ስለሆነም ትምህርትን በኑሮ መተርጎም አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚያበቃ ተግባር አይደለም። የተገለለው ሰው ከማዕዱ ዙሪያ ተቀምጦ እስኪታይ ድረስ፣ ስለ እኩልነት የተነገረው ሁሉ ገና ንግግር ነው።