ስሌትና አመኔታ በወሎ ሰፈር ንግድ

በአዲስ አበባው ወሎ ሰፈር አነስተኛ ሱቆች ዱቤ፣ ማለትም ዕቃ ዛሬ ተወስዶ ዋጋው በኋላ የሚከፈልበት ልማድ፣ ባለሱቁ ስለ ደንበኛው ጠባይ በሚያውቀው ላይ የቆመ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሞባይል ገንዘብ ሥርዓት ቴሌብር ግን በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከዳሽን ባንክ ጋር ባቀረበው «መላ» በተሰኘው አገልግሎት፣ ያለ ንብረት ዋስትና የተበዳሪውን የግብይት ታሪክ መዝኖ ያበድራል፤ ይህም ባንክ ለሚያስፈራው ቸርቻሪ እፎይታ መሆኑ አይካድም። ጥያቄው ሰውን ሳያውቁ ማመን ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ስሌቱ፣ ያለፈውን ቆጥሮ የሚመጣውን የሚገምተው ሥርዓት፣ መክፈል ያቃተውንና መክፈል ያልፈለገውን ከአሃዝ ብቻ ሊለይ አይችልም፤ ባለሱቁ ግን የታመመ ልጅ መኖሩን ሰምቶ ቀን ይጨምራል፣ ምንም እንኳ (ይህም መዘንጋት የለበትም) ለሚያውቀው ማድላቱ ባይቀርም። በሃይማኖት ረገድ መዝሙረ ዳዊት አራጣን፣ ቁርኣን ደግሞ ሪባን፣ ማለትም በብድር ላይ የሚጠየቅን ጭማሪ፣ ያወግዛሉ፤ ጭማሪው «የአገልግሎት ክፍያ» ተብሎ ቢጠራም፣ ከብድሩ መጠንና ጊዜ ጋር የሚያድግ ከሆነ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ስለዚህ አበዳሪ ተቋማት ብድር ለተከለከለው ነጋዴ ምክንያቱን የሚያስረዳ፣ ለተቸገረውም ቀን የመጨመር ሥልጣን ያለው ሰው ከስሌቱ ጎን ሊያቆሙ ይገባል።